ከላይ የሚተነፍሰው ሣጥን

ሰኞ 3

ዛሬ በሕንፃችን ስብሰባ ላይ ብድግ ብዬ «እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ። ማን ተነሺ አለኝ? ግን ዝም ብዬስ ምን ልሁን! የውኃ ፓምፑ ከተበላሸ ወዲህ አምስት ፎቅ ሙሉ ሰው ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ይወጣል። የተሰበረው ደግሞ አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ኢምፔለር ይሉታል፤ ፓምፑ ውስጥ እየተሽከረከረ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋ ባለ ክንፍ ክብ፣ ስፋቱ ከብርጭቆ ማስቀመጫ ሳህን የማይበልጥ። ለዚህች ነው ይህ ሁሉ መከራ።

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው «ዕቃው ከውጭ ታዟል፤ በትዕግሥት እንጠብቅ» አሉ። ባለፈው ስብሰባም ይህንኑ ነው ያሉት። የሳቸው ቤት ምድር ቤት ነው። ያለ ፓምፕ ውኃ ይደርሳቸዋል። እንዲህ ከሆነማ እኔም እታገሣለሁ!

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ጉልበቷን ታሻሽ ነበር። እሱን ሳይ አፌ ቀደመኝ። በኮምፒውተር የሚታዘዝ መፈልፈያ ማሽን በእጄ ሠርቻለሁ፣ አሉሚኒየም ይቆርጣል፣ የተሰበረውን ስጡኝና ለክቼ አዲስ ላውጣ አልኳቸው።

ከኋላ አንዱ «ያ በረንዳ ላይ እንደ ጥርስ ሐኪም የሚጮኸው ነው?» አለ። ሳቁ። ይሳቁ። ቧንቧቸው ሲንፎለፎል እናያለን።

ማክሰኞ 4

ከኛ በታች ያሉት ሰውዬ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እኔና ወንድሜ «ጸጥታ» ነው የምንላቸው፣ በሌሉበት። ጠዋትና ማታ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ ቤታቸው ተማሪ ሰብስበው ያስጠናሉ። ዛሬ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ።

«ማሽንሽ መጮህ የሚችለው ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ነው። በሥራ ቀን ብቻ።»

«አባባ፣ በዚያ ሰዓት እኮ እኔ ቢሮ ነኝ።»

«እኔ ደግሞ ቤቴ ነኝ» ብለው በሩን ዘጉት። በቀስታ። ሰው በር እንኳ ጥርቅም አድርጎ አይዘጋም?

ደሜ ፈላ። «ቢሮ ነኝ» ስል ደግሞ ቁም ነገር የምሠራ ይመስላል። ከተመረቅሁ ጀምሮ ፎቶ ኮፒ ነው የማነሳው። አለቃዬ «ልምድ ነው፣ ልምድ» ይለኛል። የምን ልምድ? ወረቀት የሚያበዛው ማሽኑ ነው፤ ልምዱን ያገኘውም እሱ ነው።

ለወንድሜ «ማሽኑን ማን ይጠብቅልኛል?» እያልኩ ስነጫነጭ እማዬ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። «እኔ አለሁ አይደል? ወይስ እኔ ሰው አይደለሁም?»

ሐሙስ 6

በምሳ ሰዓት፣ በችኮላ። ትናንት ማታ ሞተሮቹን ያለ መቁረጫው አንቀሳቀስኳቸው። ሞተሮቹን የሚያዝዙት ሰሌዳዎች፣ ድራይቨሮቹ፣ ጠረጴዛው ላይ እርቃናቸውን ተዘርግተዋል። የብረት ብናኝ ይረግፍባቸዋል። ይግላሉ። ሲግሉ ቀይ መብራት አብርተው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ያን ጊዜ ማሽኑ የቱ ጋ እንደነበረ ይረሳል፤ የተጀመረው ዕቃም ገደል ገባ ማለት ነው። ሣጥን ያስፈልጋቸዋል። ዝግ የሆነ፣ ግን የሚተነፍስ።

ቢሮ ጓሮ የተጣለ የፋይል መሳቢያ አየሁ። አለቃዬን ብጠይቀው «ምን ልታደርጊበት? ጫማ ልታስቀምጪ?» አለኝ። ጫማ! ተሸክሜው መጣሁ።

እሑድ 9

ተጠናቀቀ! ደክሞኛል፣ እጄ በሦስት ቦታ ተቆርጧል፣ ግን ደስ ብሎኛል። መሳቢያውን ገልብጬ አቆምኩት። ከታች አየር መግቢያ ቀደድኩለት፤ ብናኝ የሚያስቀር ስፖንጅ ለጠፍኩበት። ከላይ ሁለት ፋን ገጠምኩ፤ የሞቀውን አየር ሽቅብ ይተፉታል። ሙቀት ወደ ላይ ነው የሚወጣው፤ ይህን ለማወቅ ዲግሪ አያስፈልግም። ወንድሜ ዞር ዞር ብሎ አየውና «መቃብሩ የት ነው የሚቆፈረው?» አለ። በቅናት ነው።

ማሽኑ ያለው በረንዳው ላይ፣ ውኃ ከምናጠራቅምበት በርሜል ጎን ነው። ሌላ ቦታ ከየት ይምጣ? እማዬ ፋኖቹን አየቻቸው።

«ይሄ ከላይ ክፍት ነው እንዴ? ጀሪካን ስገለብጥ ቢረጭበትስ?»

«እማዬ፣ አንዲት ጠብታ ከነካችው አለቀልን። ፓምፑም፣ እኔም፣ ስማችንም።»

«እንዲያ ከሆነ አይነካውም። እኔ አለሁለት።»

አረንጓዴውን ቁልፍ አሳየኋት፤ ማስጀመሪያ። ቀዩን አሳየኋት፤ ክፉ ነገር ካየች በመዳፏ የምትመታው። ደጋግሜ አለማመድኳት። ከኔ ትፈጥናለች። «አንቺ ብትወልጂኝ ኖሮ ስንት ነገር እሠራ ነበር» አለችና በራሷ ቀልድ እየሳቀች ወጥ ቤት ገባች።

ሰኞ 10

ጠዋት። አሉሚኒየሙ ማሽኑ ላይ ታስሯል። ያለን ሦስት ድፍን ቁራጭ ነው፤ አንዱ ቢበላሽ እንኳ ሁለት ይቀራል። እማዬ በሰባት ሰዓት ትጀምራለች። 

ማታ። ቆሟል። ቀይ መብራት። ከስድስቱ ክንፎች ሁለቱ ብቻ ናቸው የወጡት። ከቆመበት ልቀጥል ብል አይገጥምም። ጥሩ አሉሚኒየም ለብርጭቆ ማስቀመጫነት በቃ።

«ደህና ይሠራ ነበር፣ እንደ ድመት እያንኮራፋ» አለች እማዬ። «ከዚያ በቃ፣ ዝም አለ።»

«ውኃ ነካው?»

«ምን በወጣው! እንደ አራስ ልጅ ነው የጠበቅሁት። ጠብታ አላየም።»

እውነቷን ነው። ሣጥኑን ብዳስሰው ደረቅ ነው። በጣም ትኩስ፣ ግን ደረቅ። ስለዚህ ፋኖቹ ናቸው። ያ ሻጭ አሮጌ ዕቃ አጽድቶ ነው የሸጠልኝ!

ረቡዕ 12

ከቢሮ አስፈቅጄ ፋን ሻጩ ጋ ሄድኩ። ገና አፌን ሳልከፍት «እህት፣ ወንድም የለሽም? እሱን ላኪልኝ፣ ለሱ አስረዳለሁ» አይለኝም! ወንድሜ አምፖል ሲቀይር ወንበር የምይዝለት፣ ሽቦውንም የምነግረው እኔ ነኝ። ይህንኑ ነገርኩት። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሳቁ። እሱ ደግሞ ፋኔን ተቀብሎ አስነሣው፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረ ወረቀት ሁሉ ተበተነ።

«አየሽ? አንቺን የጎደለሽ ነፋስ አይደለም።»

ምን ማለቱ ነው? ተከራክሬ ከሱ የበረቱትን ሁለት ወሰድኩ። መጠናቸው ያው ነው፤ ድምፃቸው ግን የአውሮፕላን። አሮጌዎቹን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳቸው። አንድ ቀን አምጥቼ ፊቱ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ።

ዓርብ 14

ከወንድሜ ጋር ተጣላሁ። የምግብ ጠረጴዛችን ላይ የሚነጠፈው ወፍራሙ ፕላስቲክ፣ ባለ አበባው፣ እማዬ የምትሳሳለት፣ ሁለት ቦታ ላይ ክብ ክብ ሆኖ ተኮማትሯል። ትኩስ ድስት ያለ ማስቀመጫ ዱብ የሚያደርግ በዚህ ቤት ከሱ ሌላ ማን አለ?

«ድስት አልነካሁም አልኩሽ!»

«ታዲያ ድስቱ በእግሩ መጣ?»

«ሁለት ድስት፣ ጎን ለጎን፣ በአንድ ልክ? እስቲ አስቢ፣ ኢንጂነሯ!»

«ኢንጂነሯ» ሲለኝ እርር ነው የምለው። እማዬ «ተዉ እባካችሁ፣ ፕላስቲክ ነው» ብላ አንዱ ክብ ላይ የዳቦ ሳህን፣ ሌላው ላይ የጨው ዕቃ አስቀመጠች። ሁሌ ለሱ ስትሸፍንለት ነው የምትኖረው።

እሑድ 16

አዲሶቹ ፋኖች ተገጥመዋል። መቁረጫው ሳይሽከረከር፣ ጸጥታ እንዳይሰሙ፣ ሞተሮቹን ብቻ ግማሽ ቀን አስኬድኳቸው። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ሣጥኑ እንደ ማለዳ ድንጋይ ቀዝቃዛ! ፋን ሻጩ ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን። ማክሰኞ ይለይልናል።

ማክሰኞ 18

ሁለተኛውም ሄደ። ቀይ መብራት።

 እሑድ የሚሠራ፣ በሥራ ቀን የማይሠራ ማሽን አለ? በሥራ ቀን ምን ይለያል? አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ደረስኩበት። ጸጥታ! በዚያ ሰዓት ተማሪ የላቸውም፤ የኤሌክትሪክ ምድጃቸውን ይለኩሳሉ። መስመራችን አንድ ነው። ምድጃው ኃይሉን ሲስበው የኔ ፋኖች ይልፈሰፈሳሉ፣ ሣጥኑ ይግላል። ሰዓቱን የመረጡልኝ እኮ ራሳቸው ናቸው!

ወርጄ በራቸውን ደበደብኩ። ደረጃው ጀሪካን በተሸከመ ሰው ተሞልቶ ነበር።

«በዚያ ሰዓት ምድጃ የሚለኩሱት ሆን ብለው ነው!» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም! ሰው ሁሉ ይስማ! ውኃ የሚያሸክሙን እርስዎ ነዎት!»

«ምሳዬን ነው የማሞቀው።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ?»

ከበስተኋላዬ አንዷ ጀሪካኗን አስቀምጣ «ውይ፣ በዚህ ዕድሜያቸው!» አለች። እሳቸው በሩን ዘጉት። በቀስታ።

ደግ አደረግሁ። እጃቸው ላይ ማንኪያ ነበር፤ አንዲት ትንሽ የሻይ ማንኪያ። ይህን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ረቡዕ 19

ከቢሮ ስመለስ እማዬን ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ሁለት ጀሪካን በግራና በቀኝ። «ትንሽ አረፍ ልበል ብዬ ነው» አለች። ፊቷ ግን አመድ መስሏል። ጀሪካኖቹን ነጥቄ ሮጥኩ። ከላይ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ፤ አላዩኝም።

«ፓምፑን የምትሠራው ልጅ እኮ የሷ ናት።»

«ታዲያ እናቷ ለምን ትሸከማለች?»

እና ሳቁ።  

ታች በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። እሑድ ስብሰባ፤ «የፓምፕ ሥራውን ከጀማሪ እጅ ስለማውጣት»። ሊቀመንበሩ ናቸው የጻፉት። ጀማሪ! የሳቸውስ እጅ ምን ጀምሮ ያውቃል? ሥራው ከኔ ከወጣ ያ «ከውጭ የታዘዘ» ዕቃ እስኪመጣ የእማዬ ጉልበት አይቆይም። የቀረን አንድ ድፍን አሉሚኒየም ነው።

ሐሙስ 20

እራት ላይ ነው። ለወንድሜ የፋን ሻጩን ክፋት ሳስረዳው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ከነበሩት አሮጌ ፋኖች አንዱን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ጠብ አደረግሁት። የዳቦ ሳህኑ ተነሥቶ ስለነበር ፋኑ የተኮማተረው ክብ ላይ አረፈ።

ገጠመ። ዙሪያው ከዙሪያው፣ የብሎን ቀዳዳው ጉብታ እንኳ ሳይቀር።

ወንድሜ ፋኑን አየ። እኔን አየ። የጨው ዕቃውን በአንድ ጣት ገፋ አደረገና ሁለተኛውን ክብ አየ። ከዚያ አፉን ከፍቶ «ኧረ ይሄ ድስት...» ሲል በጠረጴዛው ሥር ቅልጥሙን መታሁት። እማዬ ትጨልፍ ነበር። «ብሉ እንጂ፣ ቀዘቀዘ እኮ» አለች።

አሁን ሁሉም ታየኝ። እኔ ቢሮ ስሄድ ጠረጴዛውን ትገፍፈዋለች። ያን ወፍራም ፕላስቲክ የፋኖቹን አፍ ደፍና ሣጥኑ ላይ ታለብሰዋለች፣ እንደ አራስ ልጅ፣ ጠብታ እንዳይነካው። ማሽኑ ሲቆም አንሥታ፣ ወልውላ፣ ለእራት መልሳ ታነጥፈዋለች። ጠብታ ከነካው አለቀልን ያልኳት ማን ነው? በርሜል ሥር፣ አናቱ ክፍት የሆነ ሣጥን የሠራው ማን ነው? እሷማ ገና ያን ዕለት ጠይቃኛለች፤ «ቢረጭበትስ?» ብላ። እኔ ስለ ስማችን ስደሰኩር ነበር።

ፋን ሻጩ ነግሮኛል። ወንድሜ ነግሮኛል። ጸጥታን ምሳ ስላሞቁ በሰው ፊት አዋረድኳቸው። ይህን ሁሉ ቁጣ ተሸክሜ አሁን የማን በር ላንኳኳ? የሚንኳኳ በር አጣሁ። ይህ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያናድዳል።

ዓርብ 21

ዛሬ ጠረጴዛው ባዶ እንጨት ነው። «ፕላስቲኩስ?» አልኳት። «አጠብኩት» አለች፣ ዓይኔን ሳታይ። ማስጫው ላይ የለም። ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ከብርድ ልብሶቹ ሥር፣ ተጣጥፎ አገኘሁት። መልሼ ዘጋሁት። 

ማታ ሣጥኑን ፈታሁት። የላይኛውን ቀዳዳ በቆርቆሮ ደፈንኩ። ፋኖቹን ወደ ሁለቱ ጎን አወረድኳቸው፤ በላያቸው እንደ ኮፍያ ጠርዝ የታጠፈ ቆርቆሮ አደረግሁላቸው፤ ውኃ ቢመጣ እንኳ ተንሸራቶ ይወርዳል። ከዚያ ከሣጥኑ አናት በላይ በአራት እግር የቆመች ሰፊ የእንጨት ጣሪያ ሠራሁ። ወንድሜ መጋዙን ይዞ ያለ ቀልድ ሲያግዘኝ ይህ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው።

«ከላይ ከደፈንሽው፣ አየሩም በጎን ከወጣ፣ ጣሪያው ምን ያደርጋል?»

«ለጠረጴዛ ልብሱ ነው።»

የጣሪያዋን እግሮች በአሸዋ ወረቀት ማለስለስ ጀመረ። «እንዳይቀደድ» አለ።

እሑድ 23

ስብሰባ። ሊቀመንበሩ ስለ «ኃላፊነት የጎደላቸው ሙከራዎች» ብዙ ተናገሩ። ስለኔ ነው፤ ስሜን ግን አልጠሩም። ሲጨርሱ ተነሣሁ። 

«የሣጥኑ አሠራር ነው የተሳሳተው። የሠራሁት እኔ ነኝ። አሁን አስተካክዬዋለሁ። አንድ ቀን ስጡኝ።»

እማዬ መሬት መሬቱን ታያለች። ከፊት ወንበር ጸጥታ ዞር አሉ።

«ስለዚህ ምድጃዬ አይደለም?»

«አይደለም፣ አባባ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አልሰማሁም። ጮክ በይ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ!»

«ያን ዕለት ደረጃ ላይ የነበሩትም ይስሙ። ጮክ!»

ጮህኩ። አዳራሹ ሙሉ አስተጋባ። ጸጥታ ጆሯቸውን ሳይሸፍኑ ድምፅ ሲሰሙ ያየሁት ዛሬ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረው «አንድ ቀን ይሰጣት፤ እርስዎ ስንት ወር ወስደዋል» አሉና ተቀመጡ። በደግነት ነው እንዳልል፣ ለኔ ደግሞ «ሰዓቱ ግን ያው ነው፤ ከሰባት እስከ አሥር» አሉኝ።

ሰኞ 24

ጠዋት። የመጨረሻው ድፍን ታሰረ። ወንድሜ «ዛሬ እንኳ ቅሪና ራስሽ ጠብቂው» አለኝ። አለቃዬን ብለምነው ይፈቅድልኝ ነበር። አልለመንኩትም። ፕላስቲኩን ከቁም ሣጥን አወጣሁና ጣሪያዋ ላይ በገዛ እጄ ዘረጋሁት። እማዬ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር።

«ጥግ ጥጉን ሳቢው» አለች። «በስተቀኝ ያዘነብላል።»

በዘጠኝ ሰዓት። ቢሮ። ስልክ አልጠራም። ፎቶ ኮፒውን ሁለት ጊዜ ገልብጬ አነሣሁ፤ ባዶ ወረቀት ነው የወጣው። አለቃዬ «ዛሬ ምን ነካሽ?» አለኝ። ልምድ ነው አልኩት።

ማታ። እማዬ ደወለች፣ አሥር ሰዓት ሊሆን ሲል። ከበስተኋላዋ ማሽኑ ያንኮራፋል።

«ማን እንደመጣ ገምቺ። እኚህ የታቹ ሰውዬ! "በሌላው ቀን በዚህ ሰዓት ይቆም ነበር፣ ዛሬ ምን ሆኖ ነው የማይቆመው?" ብለው።»

«ምን አልሻቸው?»

«ጥሩ ጊዜ መጡ አልኳቸው። ቀዩን ቁልፍ አስይዣቸው ውኃ ልቀዳ ወረድኩ።»

«እማዬ!»

«ምን እማዬ ትያለሽ? አስተማሪ አይደሉም? አለማመድኳቸው።»

ስድስት ክንፍ። ስድስቱም። ሣጥኑን ዳሰስኩት፤ ለብ ብሏል፣ በቃ።

ረቡዕ 26

ትናንት ማታ ተገጠመ። ዛሬ ንጋት ላይ ቧንቧው ሳል የያዘው ሰው ይመስል አንቋረረ፣ ዝገት ተፋ፣ ከዚያ ጠራ። ደረጃው ላይ ሰው ሲጯጯህ ተሰማ። ከታች ጸጥታ ኮርኒሳቸውን፣ በመጥረጊያ እንጨት ይመስለኛል፣ ኳ ኳ ኳ አደረጉ። ቧንቧው ይጮኻል ማለታቸው ነው።

ታች በር ላይ አዲስ ማስታወቂያ። «የሕንፃው ኮሚቴ ባደረገው ያላሰለሰ ጥረት ውኃ መጥቷል።» ኮሚቴ! ያላሰለሰ! ልገነጥለው እጄን ስዘረጋ ወንድሜ ያዘኝ። «ተዪው፤ ያነበበው ሁሉ እየሳቀ ነው የሚያልፈው» አለ። ቆሜ አየሁ። እውነቱን ነው፤ ይስቃሉ። ቢሆንም ነገ እገነጥለዋለሁ።

እራት ላይ ፕላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ ተመልሷል። እማዬ ብርጭቆዋን ከቧንቧው ሞልታ መጣችና ከሁለቱ ክቦች አንዱ መሐል ላይ አስቀመጠችው፤ ትንሽ አዞረችው፤ መሐሉን እስኪይዝ።

«ይሄን ድስት ያስቀመጠው ግን» አለች፣ እኛን ሳታይ፣ «ወንድምሽ ነው።»

ወንድሜ ጎረሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ።

«አዎ» አለ። «እኔ ነኝ።»